ሁለተኛው ስንኝ

1.

የተማሪዋ ስም፦ ስምረት ማንያዘዋል
ክፍል፦ 7ኛ «ለ»
የአሳዳጊ ስም፦ ይታይሽ ወልደ ጻድቅ (አያት)
የአባት ሁኔታ፦ በሕይወት አለ ☐   በሕይወት የለም ☐

ሦስተኛ ሳጥን የለም።

ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው።


2.

ቅጹን ይዛ የመጣችው የአማርኛ አስተማሪዋ መምህርት አዜብ ናት። ልጅ እግር ናት። ጫማዋን ጭቃ ነክቶት ኖሮ በር ላይ ቆማ «አልገባም፣ አበላሻለሁ» ስትል እጇን ይዤ አስገባኋት። አስተማሪ ቤት ድረስ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

«ምን ሆነች?» አልሁ ገና ሳትቀመጥ።

«ምንም አልሆነችም እማማ። ለወላጆች ቀን ከፊት ሆና እንድትመራ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገናል።»

«ምኑን ነው የምትመራው?»

መምህርት አዜብ ጫማዋን አየች።

«ለቅሶ» አለች።

ለቅሶ። በትምህርት ቤት። በርዕሰ መምህሩ ንግግርና በሽልማቱ መካከል።

«እንደሱ ብቻ አይደለም እማማ። ግጥም ነው። ትምህርትም ነው። ሰባተኛ ለ እኮ ዘንድሮ ሌላ ክፍል ሆኗል፤ ያደረገችው እሷ ናት።» ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረች። «እርስዎ ደግሞ በዚህ ከተማ አሉ የተባሉ አስለቃሽ ነበሩ አሉኝ። ሙሾ እንዴት እንደሚወርድ ይጻፉልኝ፣ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። ቁጥር እየሰጡ በትንሽ በትንሹ ቢጽፉት አይከብድዎትም።»

ይኸው ቁጥር እየሰጠሁ ነው። የተማርሁት በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ነገር ካለ፣ መምህርት አዜብ፣ ራስሽ ሙዪው።


3.

ሙሾ ለምታወርድ ሴት

ድንኳኑ ውስጥ ስትገቢ አፍሽን አትክፈቺ። ተቀመጪና እዪ።

የምታለቅሰዋን ተያት፤ እሷ መንገዷን አግኝታለች። የማታለቅሰዋን ፈልጊ። ዓይኗ ደርቆ ምሰሶውን የምታየዋን። ሙሾው የሚወርደው ለእሷ ነው፤ ሌላው ሰው አብሮ ይጠቀማል እንጂ።

ስለ ሟቹ «ደግ ነበር» አትበይ። ድንኳን ከተተከለለት በኋላ ደግ ያልሆነ የለም። ጓዳ ግቢና ሚስቱን ጠይቂ። ሲቆጣ ስንት ደቂቃ ይቆይ ነበር? ከምግቡ የቱን ይተው ነበር? ጫማውን የት ያወልቅ ነበር? አንዷን ትንሽ ነገር ይዘሽ ውጪ። አንዷ ትበቃለች።

የመጀመሪያውን ስንኝ ቀስ ብለሽ። ሁለተኛውን ሳያስቡት። ቤት የሚመታው ቃል ላይ ሲደርስ ሰዉ አብሮሽ ደረቱን ይመታል። ካልመታ ጥፋቱ የሰዉ አይደለም፣ ያንቺ ነው።

ስም ከመጥራትሽ በፊት ሰውየው መሞቱን አረጋግጪ።

አረጋግጪ።


4.

እኔ ከአራት ዓመት ወዲህ ሙሾ አላወረድሁም። ሲጠሩኝ «ጉሮሮዬን ታምሜአለሁ» እላለሁ። ለቅሶ ቤት ግን አልቀርም፣ እድር ነውና። ከጥግ ተቀምጬ ንፍሮዬን እበላለሁ።

ጎረቤቴ ብዙነሽ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ «ይታይሽ፣ ይሄ ጉሮሮሽ እኮ ለንፍሮው ሲሆን ጤነኛ ነው» ትለኛለች።

እስቃለሁ።

ብዙነሽ ለምን እንዳቆምሁ ግማሹን ታውቃለች። ያን ቀን ነበረች። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ስጽፍ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።


5.

ይህን የሚሰሙት ልጆች ሞት በስልክ ሲነገር ያደጉ ናቸውና ስለ መርዶ ልጻፍ።

በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ መጣ ለባለቤቱ አይነገርም። ቀድሞ የሰማው ሰው በሆዱ ይይዘዋል። እድርተኛው በሹክሹክታ ይጠራራል። ንጋት ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሄዶ በር ያንኳኳል። ይህ የሚደረገው ለባለ ሐዘኑ አንዲት ሌሊት እንድትተርፈው ነው። ያችን ሌሊት ወንድም እንዳለው፣ ልጅ እንዳለው ሆኖ ይተኛ ተብሎ ነው። ደግነት ነው።

ግን ይህ ደግነት በሁላችንም ላይ አንድ ነገር ትቶብናል። ንጋት ላይ በር ሲንኳኳ፣ ገና ሳንነቃ ቆመን እንገኛለን።

ለመርዶ ሲኬድ አስለቃሽ አብራ ትሄዳለች። ስለዚህ የእኔ በር ብዙ ንጋት ተንኳኩቷል። ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነበር።


6.

ይህን ቁጥር ለጊዜው ዘልዬዋለሁ። ግማሽ ገጽ ባዶ ትቼለታለሁ።




7.

ስምረት የልጄ የማንያዘዋል ልጅ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሸዋ ሮቢት ሌላ ትዳር ይዛለች፤ ለበዓል ትመጣለች፣ ልብስ ታመጣለች፣ ትሄዳለች። አባቷ ከአራት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጣ። ደረሰ ያለን የለም። ሞተ ያለንም የለም።

እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ማለትም እኔ ነኝ የምከተላት። ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ሲሸፍናት ሹራቧን ይዤ ትምህርት ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። በጉም ውስጥ ልጅ ሲሄድ መጀመሪያ እግሩ ነው የሚጠፋው፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ብቻውን ይሄዳል። ይህን ማየት አልችልም። ልጆቹ «የስምረት ሹራብ መጣች!» ይላሉ። ሹራብ የሚሉት እኔን ነው።

ይበሉ።


8.

የሂሳብ አስተማሪያቸው መምህር ዘገየ በኅዳር ታሞ በሳምንቱ ሞተ። ምትክ አልመጣም። ማክሰኞ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ባዶ ሆነ።

ስምረት የክፍሉ አለቃ ናት። አስተማሪ በሌለበት ሰዓት የአለቃ ሥራው ሰሌዳ ላይ የረባሾቹን ስም መጻፍ ነው። በታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ ሹራቡን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። ጩኸት ጠበቅሁ። ጩኸት የለም። አርባ ስምንት ልጅ ተቀምጦ ዝም ማለቱ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝና አንገቴን አስግጌ አየሁ።

ሰሌዳው ላይ፦

የሚረብሹ ተማሪዎች
1.
2.
3.

ከቁጥሮቹ ጎን ስም የለም። ስምረት ጠመኔ ይዛ ቆማለች። ሁሉም የመምህር ዘገየን ወንበር ነው የሚያየው። ከዚያ ርዕሱን በመዳፏ አጥፍታ «የሚረብሸን ነገር» ብላ ጻፈች። አንደኛው ቁጥር ላይ ደግሞ ይህን፦

ጠመኔህ ተቀምጧል ማጥፊያህም አልጠፋ፣

አቆመች። የሰማሁትን እንዳለ ልጻፈው፦

ስምረት፦ ሁለተኛውን እኔ አልልም። የሚችል ይመልስ።
አንዷ ልጅ፦ ለቅሶ ነው እንዴ?
ስምረት፦ እኔ እንጃ። መልሺ።
ሌላው፦ ቤት መምታት አለበት?
ስምረት፦ ባይመታም ችግር የለውም።
(እዚህ ላይ ከመስኮቱ ሥር «አለው እንጂ!» ልል ምላሴን ያዝሁ።)
ከኋላ ወንበር፦ ኤክስን ፈልጉ ባይ ራሱ ነው የጠፋ።

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። የኋለኛው ወንበር ልጅ፣ ሁልጊዜ በረባሽነት ስሙ ቀድሞ የሚጻፈው፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ለካ መምህር ዘገየ ቁርሱን ያካፍለው ኖሯል። እስከዚያ ቀን አላለቀሰም ነበር አሉ።

«አልጠፋ» እና «የጠፋ» አንድ ቃል ነው፤ እኔ ብሆን አልቀበለውም። ግን የማያለቅሰውን ሰው አገኘችው። ስንኝ ግማሽ አድርጎ ለሰው መተው ደግሞ ከእኔ የወሰደችው አይደለም። እኔ ሁለቱንም ራሴ ነበርሁ የምለው።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ይህን ያደርጉ ጀመር። ቆይቶ ሰውየው ትቶት የሄደውን የሂሳብ ጥያቄም በዚሁ መንገድ ያዙት፤ አንዱ ግማሹን ሰሌዳ ላይ ይሠራና ጠመኔውን ላልሠራው ልጅ ይሰጣል። አስተማሪ ሳይኖር ክፍሉ በሂሳብ አላፈረም። መምህርት አዜብ «ሌላ ክፍል ሆኗል» ያለችው ይህን ነው።

ማን አስተማራት? እያልሁ ወደ ቤት ሄድሁ። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ሕፃን ሆና በአንቀልባ አዝያት ነበር ድንኳን ለድንኳን የምዞረው። ከጀርባዬ ሆና ነው የሰማችው።

ያን ቀን ጀርባዬን በረደኝ። እስከ ማታ አልሞቀኝም።


9.

ይህን ሁሉ አይቼ ወራት ዝም ብያለሁ። ቅጹ በመጣ ቀን ግን ተናገርሁ።

«አይሆንም። አልፈርምም።»

«ምን አጠፋሁ እምዬ?»

«ሙሾ ቀልድ አይደለም።»

«አንቺ እኮ ስትሠሪው ነበር።»

«እኔ አሮጊት ነኝ።»

«ያኔም አሮጊት ነበርሽ?»

«ምላስሽን!» አልኋት። «የሰው ስም በአፍሽ አታስገቢ። ስም ይሰማል።»

«መምህር ዘገየ እንደሆነ ሞቷል። ቢሰማ ምን ይሆናል?»

«ዛሬ የሱን ነው። ነገስ የማንን ልትይ ነው?»

ደብተሯን ዘጋች። ወደ እኔ አላየችም።

«የወላጆች ቀን አይደል? ሁሉም ለወላጁ አንድ ስንኝ ይላል፣ ወላጁ ይመልሳል። እኔ ለአባቴ ነው የምለው።»


10.

የምፈራቸው (መምህርት አዜብ፣ ይህን ለልጆቹ አታንብቢው)

ጉም።

ባጃጅ።

እሷ ስትስል።

እሷ ሳትስል ዝም ስትል።

ንጋት ላይ የሚንኳኳ በር።

አራት ዓመት ሙሉ የማይንኳኳ በር።

ስምረት ስሙን በለቅሶ ከጠራች ይሞታል ብዬ።

ስምረት ስሙን በለቅሶ ከጠራች ድሮ ሞቶ የቆየ መሆኑን አምናለሁ ብዬ።


11.

ጠዋት ጠዋት ሳህን ሳጥብ ወደ ማንያዘዋል ቁጥር እደውል ነበር። አንዲት ሴት ነበረች የምትመልሰው፤ የተቀዳች ሴት። ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል ትነግረኝ ነበር። የምደውለው «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ለመስማት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቻት ብላኛለች።

ባለፈው ጥር ደወልሁ። ሰው አነሳው።

ወንድ ነው። «ሄሎ» አለ።

እጄ ላይ አረፋው እንዳለ ቆምሁ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

ማን እንደሆንሁ ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ምንም አልወጣም።

«አይሰማም» ብሎ ዘጋው።

ብዙነሽ «ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዝም ሲል ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ እንዲህ ነው አሠራሩ» አለችኝ። ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አልደወልሁም።

በስልክ ላይ ድምፄ ሲጠፋ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያውን ነው 6 ቁጥር ላይ የዘለልሁት። ዛሬ እጽፈዋለሁ።


12.

ልጽፍ ገለጥሁ።

በተውሁት ግማሽ ገጽ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፏል። የእኔ ጽሕፈት አይደለም።

እምዬ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ።


6.

ያን ቀን ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ማንያዘዋል ከወጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ከፈትሁ። ብዙነሽና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።

ብዙነሽ «ይታይሽ» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኋትም።

በባዶ እግሬ ልሂድ ባሕሩ ጫፍ ድረስ፣
ማንያዘዋል ልጄን ማን አለ የሚመልስ።

በዕድሜዬ ካወረድሁት ሁሉ እንደሱ ያለ የለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቤት ሲመታ ተሰምቶኝ ነበር፤ አንድ ልቤ «ይሄስ ጥሩ ወጣ» ብሏል። ደረቴን እየመታሁ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፣ አንደኛው ሽማግሌ አፌን በእጁ እስኪይዘኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ያንቺ አይደለም! የአሰገደች ወንድም ነው፣ የመተሐራው! አንቺን ልንወስድሽ ነው የመጣነው!» አለኝ ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ።

ቁጭ አልሁ። ሳቅሁ። ብዙነሽም ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ እድርተኛችን ወደ አሰገደች ቤት ሄድን። የሕያው ልጄን ስም በለቅሶ በመጥራቴ ደንግጬ ስለነበር፣ ስሙን ከአፌ የማጥበው መስሎኝ፣ ለማላውቀው ለአሰገደች ወንድም ያለኝን ድምፅ ሁሉ አፈሰስሁ። በአራት ሰዓት ቤቴ ስገባ በጉሮሮዬ ቃል አያልፍም ነበር።

ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ በይ። ጀልባው ዛሬ ማታ ነው አሉን።»

ነፋስ ይሰማል።

«እማ፣ ባሕሩን አየሁት። የፈራሁ መሰለኝ። ልመለስ ወይ? ተመለስ ካልሽኝ አሁን የሚመለስ መኪና አለ።»


ተመለስ።


አፌ ተከፍቷል። የወጣው ትንፋሽ ነው።

«እማ? ልመለስ ወይ?»


ተመለስ።


«ተቆጥተሻል። አውቄዋለሁ። እሺ በቃ፣ ደርሼ እደውላለሁ።»


ተመለስ።




13.

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሩ ተገልጦ ጠበቃት። የተባባልነውን እንዳለ እጽፋለሁ፣ በኋላ እንዳላሳምረው።

እኔ፦ የት ነበርሽ?
ስምረት፦ አልጋው ሥር።
እኔ፦ ትምህርት ቤት ሄደሽ ነበር እኮ።
ስምረት፦ አልሄድኩም። ስትጮሂ ነቃሁ። የአባቴን ስም እየጠራሽ ደረትሽን ትመቺ ነበር። አባቴ ሞተ ብዬ አልጋው ሥር ገባሁ።
እኔ፦ አልሞተም ነበር። ሽማግሌው ነገረን እኮ።
ስምረት፦ ለአንቺ ነው የነገረሽ። ቀስ ብሎ ምን እንዳለሽ አልሰማሁም። ሳቃችሁ፣ ወጣችሁ። ለእኔ ማንም ምንም አላለኝም።

እንዲያ ነበር። ልጅ ተኝታለች ብለን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እኔ፦ እስክመለስ ድረስ እዚያው ነበርሽ?
ስምረት፦ እዚያው። ከዚያ ስልኩ ጠራ።
እኔ፦ ተይው ይበቃል።
ስምረት፦ ስፒከር ላይ አደረግሽው። የስልክ ድምፅ ስለማይሰማሽ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርጊው። አባቴ ነው። እና ሞቷል። የሞተ ሰው ደውሎ «ልመለስ ወይ?» ይላል።
እኔ፦
ስምረት፦ ይመጣብኛል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ።
እኔ፦
ስምረት፦ እምዬ፣ አንቺ ድምፅሽ ሄዶ ነበር። እኔ እኮ ድምፅ ነበረኝ።


14.

ከዚህ በኋላ ያልተባለ ብዙ ነበር፤ ያልተባለውን ቁጥር አልሰጠውም።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ እኔ እሷ እንዳትሰማ እጠነቀቃለሁ፣ እሷ እኔ እንዳላውቅ ትጠነቀቃለች። በመካከላችን ያ ጥያቄ ተኝቶ ነበር። ሌሊት እግሩ የሚነካኝ ይመስለኝ የነበረው እሱ ነው ለካ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኋት።

«የኔም ነው።»

«ያንቺስ አይደለም! ልጅ ነበርሽ!»

«እምዬ፣ ይሄንንም ብቻሽን ልትወስጂው ነው?» አለች፤ ተቆጥታ። «ሁለቱንም ስንኝ ራስሽ ነው የምትዪው። ለዚህ ነው ድምፅሽ ያለቀው።»

በሰባ ዓመቴ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ያስተማረችኝ አክስቴም አላለችኝም። እሷም ድምፅዋ አልቆ ነው የሞተችው።


15.

የአባት ሁኔታ፦ በሕይወት አለ ☐   በሕይወት የለም ☐   ☐

ስምረት ማስመሪያዋን አምጥታ ሦስተኛውን ሳጥን ሠራች። ከጎኑ ምንም አልጻፈችም። እኔ ሦስቱንም ባዶ ትቼ ከታች ፈረምሁ።

መምህርት አዜብ ሳጥኑን አየችው። እኛን አየችን። «ርዕሰ መምህሩ ከጠየቁኝ፣ ቅጹ ሲመጣ እንዲህ ነበር እላለሁ» ብላ በማኅደሯ ከተተችው።


16.

የወላጆች ቀን። ሜዳው ላይ ወንበር ተደርድሯል። ንግግሩ ረዘመ። ብዙነሽ የማንም ወላጅ ሳትሆን ከፊት ረድፍ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ «የስምረት ሹራብ ጎረቤት ነኝ» ብላ ነው ያለፈችው።

ሰባተኛ ለ ወጣ። አንዲት ቀጭን ልጅ እናቷን እያየች፦

ገበያ ስትሄጂ በር ዘግተሽብኝ ነው፣

እናትየው ቲማቲም ሻጭ ናት፤ አውቃታለሁ። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ተነሥታ፣ ደግማ ተቀምጣ፣ እንደገና ተነሥታ፦

ተኝተሽ ነበር እንጂ መች ጨክኜብሽ ነው!

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ አቀፈቻት። ቤቱ አንክሷል፤ «ነው» በ«ነው» ቤት አይባልም። አላረምሁትም። ስንቱ አባት፣ ስንቱ እናት እያነከሰ መለሰ። የመለሱላቸው ልጆች ወደ ሰልፋቸው ሲመለሱ ትከሻቸው ቀለል ብሎ ነበር። ስምረት በዳር ቆማ ቀድሞ የሚወጣውን በዓይኗ ትጠራለች። መጀመሪያ የጠራቻቸው ደፋሮቹን አይደለም። ዓይናቸው ደርቆ የባንዲራውን ምሰሶ የሚያዩትን ነው።

ከዚያ የቀረች እሷ ብቻ ሆነች።


17.

ሹራቧን አውልቃ ጭኔ ላይ አኖረችው። ጉሙ ሜዳው ላይ ገብቷል። የኋላው ረድፍ አይታይም። ከዚያ የተቀመጠ ሰው ቢኖርም አይታይም።

የአባቷን ስም አልጠራችም። አራት ዓመት የፈራሁትን ስም አልጠራችም። እንዲህ ብቻ አለች፦

ልመለስ ወይ ብሎ ከማዶ ሲጠይቅ፣

ወደ እኔ ዞረች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

በ«ቅ» የሚያልቅ ቃል ሞልቷል። «ይጠብቅ» አለ። «ይታረቅ» አለ። «ጥልቅ» አለ። «አላውቅ» አለ። አንደኛው ሳጥን አንዱን ቃል ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሌላውን። ከጎኑ ያልተጻፈበት ሳጥንም አለ።

ብዙነሽ በክርኗ ነካችኝ። «ጉሮሮሽን አመመሽ?» አለች ቀስ ብላ። ቀልድ አልነበረበትም።

«የለም» አልኋት።

ሰማችኝ። እኔም ራሴን ሰማሁት።

ቆምሁ። ሹራቡ ከጭኔ ወደቀ። ልጄ፣ የልጄ ልጅ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች፤ ጆሮዋን አልያዘችም።


18.

ልመለስ ወይ ብሎ ከማዶ ሲጠይቅ፣

……………………………………………………